አባ ቄራ የሌለው ጫካ

ከአስፋልቱ ጠርዝ እስከ መጀመሪያው ቋጥኝ ሠላሳ አራት እርምጃ ነው። ቆጥሬዋለሁ። ፍራሹ ጀርባዬ ላይ ካለ አርባ ይደርሳል፤ የጥዱ ቅርንጫፍ እየያዘ ወደ ኋላ ስለሚጎትተኝ እንደ ሰካራም እየተወዛወዝኩ ነው የምገባው። መንገዱ በሁለት ሐይቆች መካከል ያልፋል። ትልቁ በግራ በኩል በዛፎቹ መሐል ብልጭ ይላል፤ ትንሹ በስተቀኝ ነው፣ ካልወረዱ አይታይም። ውሃቸው ንጹሕ ነው፤ መልኩ ግን ቀጭን ሻይ ነው። ከጫካው የሚወርደው የበሰበሰ ቅጠልና የረግረጉ አፈር ነው እንደዚያ የሚያቀልመው። ስዋኝ የገዛ እጄ የመዳብ መስሎ ይታየኛል።

ቦታው ከስቶክሆልም በስተደቡብ፣ ሶደርቶርን በሚባለው የደንና የሐይቅ አገር ውስጥ ነው። ከዚያ በላይ አልናገርም። ስስት እንዳይመስላችሁ፤ ምክንያቱ ሲደርስ ይመጣል።

ሥራዬ ሄምቸንስት ነው። እዚህ ያለ ሐበሻ ወይ ራሱ ሠርቶበታል፣ ወይ እህቱ ትሠራበታለች። በትንሽ መኪና ከቤት ቤት እየዞሩ አረጋውያንን ማንሳት፣ ማጠብ፣ መድኃኒታቸውን ማስዋጥ፣ ቁርሳቸውን ማቅረብ ነው፤ ለአንዱ አሥራ አምስት ደቂቃ፣ ለሌላው ግማሽ ሰዓት። በ2015 (ዓመቶቹንም ወሮቹንም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው) ከማያቸው ሰዎች አንዷ የሰባ ስምንት ዓመት አዛውንት ነበሩ። ታናሽ እህታቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ሊጠይቋቸው ይመጣሉ። ታናሽ ስል ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። ጥፍራቸው ሥር ሁልጊዜ ነጭ ዱቄት አለ፤ የመዳፋቸው ቆዳ እንደ ገበሬ ነው። ዳቦ ጋጋሪ ናቸው ብዬ ደምድሜ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ስጠይቃቸው፣ “ድንጋይ እወጣለሁ” አሉኝ፤ ገበያ እወጣለሁ እንደሚባለው ቀለል አድርገው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። በስዊድንኛ ከንጉሡ ቤተሰብ በቀር ሰው ሁሉ “ዱ” ነው። ሐኪሙም ዱ፣ ዳኛውም ዱ፣ ሰባ ዓመት የሚበልጥሽም ዱ። እኔም አፌ “ዱ” ይላቸዋል፣ ሆዴ ግን አንድም ቀን ከአንቱ ወርዶ አያውቅም። በአማርኛ ስጽፍ ደግሞ ሆዴን ነው የምከተለው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዘውኝ ሄዱ። ተራራ ጠብቄ ነበር። መኪናቸውን ከመዋኛው አጠገብ ጠጠር በፈሰሰበት ማቆሚያ ትተው፣ በአስፋልቱ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ አስመለሱኝና ጫካው ውስጥ ቤት የሚያክሉ ድንጋዮች አሳዩኝ። አንዳንዱ ሳር ቤት ያህላል፣ አንዳንዱ በግ ያህላል። በየመሐሉ ብሉቤሪ፣ የድንጋይ ሽበት፣ የወደቀ ግንድ። መንገዱ ላይ የሚያልፈው አውቶብስ ድምፁ ይሰማል። “በቃ ይኸው ነው?” ያልኩ ይመስለኛል። መንዝ ላይ ያደገ ሰው ድንጋይ ብርቁ አይደለም። መሐል ሜዳ አካባቢ አጥራችን ድንጋይ፣ ቤታችን ድንጋይ፣ እርሻችንም ከአፈሩ ድንጋዩ ይበልጣል።

ጨዋታው ገመድ የለውም። ቋጥኙ ብዙ ጊዜ ከአራት አምስት ሜትር አይበልጥም፤ ከሥሩ ፍራሽ ይነጠፋል፤ በጣትና በጫማ ጫፍ ተንጠልጥለሽ ትወጫለሽ ወይ ትወድቂያለሽ። ከመውጣቱ በፊት ግን መውደቅ አስተማሩኝ። ግማሽ ሜትር ከፍ ካለች ድንጋይ ላይ ሃያ ጊዜ ያህል ጣሉኝ። በሁለት እግር እኩል ማረፍ፣ ጉልበትን አለማድረቅ፣ ከዚያ በጀርባ መንከባለል፤ እጅ ደረት ላይ ይታጠፋል እንጂ ወደ ኋላ አይዘረጋም፣ የእጅ አንጓ የሚሰበረው እሱን ሲዘረጉ ነው። በሥራ ቀኖቼ ሰው እንዳይወድቅ ስጠብቅ እከርምና ቅዳሜ እንዴት እንደሚወደቅ እማራለሁ። ከታች የሚቆመው ሰው ሥራም ገረመኝ። የሚወድቀውን አይቀልብም። እጁን ከወገቡ አጠገብ ይዘረጋል፤ ሲወድቅ ጭንቅላቱ ወደ ድንጋይ፣ እግሩ ወደ ሥር እንዳይሄድ ወደ ፍራሹ ይመራዋል። አዛውንት ከአልጋ ወደ ወንበር ሳሻግር የማደርገው እሱኑ ነው። “ይህንን ታውቂዋለሽ” አሉኝ፤ እውነትም ከመውጣቱ በፊት እሱን ነው የቻልኩት።

የራሴን ፍራሽ የገዛሁት በዓመቱ ነው። አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት አለው፤ ከላይ ጠንካራ ስፖንጅ፣ ከታች ለስላሳ፣ ለሁለት ታጥፎ እንደ ሻንጣ ጀርባ ላይ ይታዘላል። መኪና አልነበረኝምና ጉልማርስፕላን ላይ ከባቡር ወርጄ አውቶብስ ስጠብቅ ከቤተ ክርስቲያን የማውቃት ሴት አየችኝ።

“ውይ በሞትኩት! ቤት አስለቀቁሽ እንዴ?”

በስቶክሆልም ጥያቄው ቀልድ አይደለም። የቤት ወረፋው ዓመታት ስለሚፈጅ ግማሻችን ከሰው በተከራየነው ቤት እየተዘዋወርን ነው የምንኖረው፤ ፍራሽ ተሸክሞ አውቶብስ መጠበቅ የማናውቀው ነገር አይደለም። ድንጋይ ልወጣ ነው አልኳት። ለአፍታ ዝም ብላ አየችኝ። “ድንጋይ ተሸክሞ ስለት የሚያደርስ አይቻለሁ። ፍራሽ ተሸክሞ ድንጋይ ዘንድ የሚሄድ ግን አንቺን አየሁ።” እስከ ዛሬ ስታገኘኝ ከጤንነቴ በፊት የምትጠይቀኝ ድንጋዩን ነው።

ከቋጥኞቹ መካከል አንዱ ያዘኝ። ሌሎቹ ምን እንደሚሉት እንጃ፤ እኔ ጎተራው እለዋለሁ፣ ሆዱ ወደ ውጭ አብጦ ከሥሩ ቀጠን ይላልና። ድንጋይ ወጪዎች በድንጋዩ ላይ ያለውን እያንዳንዱን መስመር “ፕሮብለም” ነው የሚሉት፤ ስሙ ሲያንሰው ነው። ግራ እጅ የሲኒ ጆሮ በምታህል ጠርዝ ላይ፣ ቀኝ እጅ ምንም በሌለበት ተዳፋት ላይ፣ ቀኝ እግር ከግራናይቱ ወጣ ባለች የበቆሎ ፍሬ በምታክል ጠጠር ላይ። ከዚያ ግራ እግርን ከፍ አድርጎ ወደ አፋፉ መወርወር ነው። አፋፉን ከያዙ በኋላ ደግሞ ሸክም እንደተጫነበት አህያ በሆድና በጉልበት መፍጨርጨር አለ። ደረጃው 5 ፕላስ ነው። የደረጃ አወጣጡ የተወሰደው በፓሪስ አጠገብ ካለው ከፎንቴንብሎ ጫካ ነው፤ ፈረንሳዮች እዚያ ያወጡት የደረጃ አቆጣጠር እዚህም ይሠራል። 5 ፕላስ ለጎበዝ ልጅ ማሟሟቂያ ነው። ለእኔ የአራት ዓመት ሥራ ሆነ።

በ2016 መከር ላይ ድንጋይ መውጣት ያስተማሩኝ ሴትዮ ከባልቲክ ባሕር ማዶ የመጣ ወሬ ነገሩኝ። ፊንላንድ ውስጥ፣ ላፕኖር በሚባል ጫካ፣ እንደኛው ያለ የግራናይት ቋጥኝ ላይ ናሌ ሁካታይቫል የተባለ ፊንላንዳዊ ለዓመታት የታገለውን መስመር ጨረሰ። በዓለም የመጀመሪያው 9ኤ ነው ተባለ። ቁመቱ አራት ሜትር ገደማ። የተራበ ሰው እንጀራ ቆርሶ ሳይውጥ ያልቃል። “አየሽ፣ እሱም እንዳንቺ እየወደቀ ነው የከረመው” አሉኝ። ማጽናኛ መሆኑ ነው። ስጠጋ ግን የእሱ መያዣ የምላጭ ጀርባ፣ የእኔ የሲኒ ጆሮ መሆኑን አልረሳሁም።

ስለ ብርዱ ደግሞ ማንም አይነግርሽም። ድንጋይ የሚወጣው በበጋ ይመስልሻል። በሙቀት ጣት ያልባል፣ ግራናይት ያዳልጣል፤ ምርጡ ጊዜ እጅ ደንዝዞ አፍንጫ የሚፈስበት የሚያዝያና የጥቅምት ብርድ ነው። ስዊድኖቹ ጃኬታቸውን አውልቀው በቲሸርት ሲወጡ አይቼ አልደነገጥኩም። የመንዝን ውርጭ ያውቃል ገላዬ። የሚያስቸግረኝ ሌላ ነበር፤ በቀን ሠላሳ ጊዜ በሳሙናና በአልኮል የሚታጠብ እጅ ይሰነጠቃል። ሰኞ የተሰነጠቀው ቅዳሜ ድንጋዩ ላይ ደም ይተዋል፤ ቅዳሜ የተላጠው ሰኞ ጓንት ውስጥ ያቃጥላል። ሁለቱ ሥራዎቼ በአንድ ቆዳ ነበር የሚጣሉት።

በ2018 ሐምሌ እናቴ መጣች። ያ ክረምት፣ እነሱ በጋ የሚሉት ማለቴ ነው፣ ስዊድን እንደ ቆላ የደረቀችበት ነው። ሣሩ ቢጫ ሆነ፣ ጫካው በየቦታው ነደደ፣ ከጣሊያንና ከፈረንሳይ ውሃ የሚረጩ አውሮፕላኖች መጡ። እናቴ በሻንጣዋ ጀበናዋን በጋቢ ጠቅልላ፣ ጥሬ ቡና፣ ትንሽ እጣንም ይዛ ነበር የመጣችው። ሐይቅ ዳር እንወስድሻለን ስንላት ደስ ብሏት ሁሉንም ሰብስባ ወጣች። እዚያ ስንደርስ እሳት ማንደድ በሕግ መከልከሉን ነገርኳት።

“በዚህ ሁሉ ውሃ መካከል?”

“ጫካው ይነዳል እማዬ።”

“ታዲያ ቡናው?”

አፍልቼ በፔርሙስ አምጥቼ ነበር። በሲኒዋ ቀዳሁላት። አንድ ፉት አለችና ሲኒውን አስቀመጠች፤ ሁለተኛም አላነሳችውም።

ከዚያ ፍራሹን ስዘረጋ፣ ጫማዬን ስቀይር፣ እንዳያልበኝ እጄን ያንን ነጭ ዱቄት ስቀባ ጎተራው ጥላ ሥር ተቀምጣ ታየኛለች። ሦስት ጊዜ ወደቅሁ። በአራተኛው ተነስታ መጣችና ድንጋዩን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው፤ ላም እንደሚገዛ ሰው። “ይሄ ቢጠረብ ስንት ወፍጮ ይወጣው ነበር” አለች። ቀጥላ፣ “ይሄን ያህል ድንጋይ ማን አምጥቶ ዘረገፈው?”

“በረዶ ነው።”

“በረዶማ ገብሳችንን ያረግፋል እንጂ ድንጋይ አይሸከምም።”

ያኔ የተማርኩትን አስተማርኳት። ይህ አገር በሙሉ በበረዶ ተሸፍኖ እንደ ነበር፣ ውፍረቱ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርስ እንደ ነበር፣ ማለትም ከባሕር አንስቶ እስከ መሐል ሜዳ ከፍታ ቢከመር ማለት ነው። በረዶው ሲንሸራተት ቋጥኙን ከአለቱ እየፈነቀለ ተሸክሞ ሄደ፤ ከአሥር ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ሲቀልጥ ደግሞ ያነገተውን ያለበት ጥሎት ሄደ። መሬቱም ያ ሁሉ ክብደት ከላዩ ከወረደለት ጀምሮ ቀና ማለቱን አላቆመም፤ ዛሬም በዓመት ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። እናቴ ይህን የመጨረሻውን ብቻ ሳትከራከር ተቀበለች። “ሸክም ሲወርድለት ወገቡን ያቃናል፣ እሱስ ልክ ነው።”

ከዚያ የጠየቀችኝን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

“ይሄ ጫካ ባለቤት አለው?”

“አለው።”

“ታዲያ ማን ፈቅዶልን ገባን?”

አለማንስሬት ይሉታል፤ የሁሉም ሰው መብት ማለት ነው። የሰው መሬት ላይ በእግር መሄድ፣ ብሉቤሪ መልቀም፣ ሐይቁ ውስጥ መዋኘት፣ አንድ ሌሊት ድንኳን ተክሎ ማደር ለማንም ይፈቀዳል፤ የሰው ግቢ ካልገባሽ፣ ሰብል ካልረገጥሽ። ከጥንት የኖረ ልማድ ነው፤ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሕገ መንግሥታቸው ውስጥም ገብቷል። ልጆች በትምህርት ቤት የሚማሩት ባጭሩ ነው፤ አትረብሽ፣ አታበላሽ።

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። “እንደ ጓሳ ነዋ።” እኛ አገር ጓሳ የጋራ ነው፤ የቤት ክዳኑ ሣር፣ ግጦሹ፣ ማገዶው የሁሉም ነው። ግን ዝም ብሎ አይገባበትም። ቄሮ የሚባል የቆየ ሥርዓት ነበረው፤ ሣሩ እንዲያገግም ለዓመታት ይከለል ነበር፣ ቀኑ ሲደርስ ለሁሉም ይከፈት ነበር፣ በመሐሉ ደግሞ አባ ቄራ የሚባል የተመረጠ ሰው ይጠብቀው ነበር። ከቀኑ በፊት ማጭድ ይዞ የተገኘ ይቀጣ ነበር።

“አባ ቄራውስ ማነው?” አለችኝ።

“የለም።”

“አይ” አለች ዙሪያውን እያየች። “መቼም ሳይኖር አይቀርም፣ አላየሽው ይሆናል።”

እውነትም ነበረ። ነበሩ። እኔ ሳላውቅ ሦስት ዓመት ሙሉ አጠገቤ ነበሩ። ሴትዮዋ ናቸው። ሲጨርሱ በድንጋዩ ላይ የቀረውን ነጭ ዱቄት በብሩሽ ይጠርጋሉ፤ የእኔንም፣ የማያውቁትን ሰውም። የድንጋይ ሽበቱን የሚፍቅ ወጣት ካዩ ቆመው ያወሩታል፤ ሳይቆጡ፣ እስኪያፍር ድረስ። መኪናቸውን ደግሞ በዝናብም በብርድም ያው ሩቁ ጠጠር ላይ ነው የሚያቆሙት። ከቋጥኞቹ ፊት ለፊት ወደ አንድ ቤት የሚገባ የአፈር መንገድ አለ፤ አፉ ሰፋ ያለ ነው፣ አንድ መኪና እንኳን ሁለትም ይይዛል። ለምን እዚያ አናቆምም ስላቸው፣ “አለማንስሬት ለእግርሽ ነው። ለመኪናሽ አይደለም” ነበር መልሳቸው። የእርጅና ግትርነት አድርጌ ወሰድኩት።

2020 መጣ። በመጋቢት ወር ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው ሁሉ ከሰው ጋር እንዳይገናኙ ተመከሩ፤ እሳቸው ሰባ አንድ ሞልቷቸው ነበርና ቤታቸውን ዘጉ። እህታቸው ያን ጊዜ ወደ አረጋውያን መኖሪያ ገብተዋል። ከሚያዝያ 1 ጀምሮ መኖሪያዎቹን መጠየቅ በመላው አገሪቱ ተከለከለ። ስለዚያ ፀደይ ሥራ ብዙ መጻፍ አልፈልግም። ፊቴን የሚሸፍን ፕላስቲክ፣ የፕላስቲክ ሽርጥ፣ በየበሩ መልበስና ማውለቅ። የሦስት አረጋውያን ቤት ቁልፍ መለስኩ። እናቴ ስትደውል ደህና ነኝ እላት ነበር።

ሰው ሁሉ ጫካ ገባ። ሩቅ አትሂዱ ስለተባለ ቅርብ ያለው ሁሉ ተጨናነቀ፤ ከመንገድ ሠላሳ አራት እርምጃ የሆነ ቦታ ደግሞ ከሁሉም ይቀርባል። አይቻቸው የማላውቃቸው ወጣቶች ፍራሽ ተሸክመው፣ ከነሙዚቃቸው፣ ከነውሻቸው ይመጣሉ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አሮጌ መኪና ገዝቼ ነበር። በግንቦት አንድ ቀን የጠዋት ፈረቃዬን ጨርሼ፣ የፕላስቲኩ ማሰሪያ ግንባሬ ላይ እንደታተመ፣ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ጎተራው ዘንድ ልሂድ አልኩ። ጠጠሩ ማቆሚያ ሞልቷል። አስፋልቱ ዳር በሁለቱም በኩል መኪና ተሰልፏል። የአፈር መንገዱ አፍ ግን ባዶ ነበር።

ቀሪውን ሳልነግራችሁም ታውቁታላችሁ። ሌላ መኪና ያልፍ ዘንድ በአንዱ ጠርዝ ጥግ አድርጌ አቆምኩ፤ ይመስለኝ ነበር። ግማሽ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ። አፋፉን ሁለት ጊዜ በጣቴ ነካሁት፣ ሁለቱንም ጊዜ ወደቅሁ። ደስ ብሎኝ ስመለስ የመኪናዬ መስታወት ላይ፣ በዝናብ መጥረጊያው ሥር፣ በእርሳስ የተጻፈ ወረቀት አገኘሁ። የአረጋዊ እጅ ጽሑፍ ነበር፤ አውቀዋለሁ፣ በየቤቱ የማነበው እሱን ነው። የባለቤቴ ረዳቶች ከቀኑ በስምንት ሰዓት ይመጣሉ፤ ዛሬ መኪናቸው ማለፍ ስላልቻለ በእግራቸው ገቡ፤ እባክዎን ሌላ ጊዜ ይጠንቀቁ ይላል። ከሥሩ፣ መልካም ቀን።

መሪውን ይዤ ቁጭ አልኩ። ለሌላ ሰው ያ ወረቀት ስለ መኪና ማቆሚያ ነው። እኔ ግን የሆነውን በደቂቃ አውቀዋለሁ። ልጅቷ መኪናዋን አስፋልት ላይ ስታቆም፣ የሽንት ጨርቁን ካርቶንና ሽርጡን ታቅፋ ሦስት መቶ ሜትር ስትሮጥ፤ በዚያ ፕላስቲክ ውስጥ ላቧ ዓይኗ ውስጥ ሲገባ። የስምንት ሰዓቷ ሲዘገይ የስምንት ተኩሉ ይዘገያል፤ የስምንት ተኩሉ ሲዘገይ ሌላ መንደር ውስጥ አንድ ሽማግሌ በረጠበ ወንበር ላይ በሩን እያዩ ይጠብቃሉ። ስንት ጊዜ በሰው አጥር ፊት ቆሜ የማላውቀውን ባለ መኪና ረግሜአለሁ። ያ ባለ መኪና እኔ ሆንኩ።

ማታ ለሴትዮዋ ደወልኩ። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ፣ “ነገ ሄደሽ አንኳኪ። ደብዳቤ አይሆንም። ሄል ያለበት ዳቦ ግዢ።”

“በዚህ በሽታ ጊዜ ዳቦ?”

“በከረጢት አድርገሽ ደረጃው ላይ አስቀምጪና ወደ ኋላ ቁሚ።”

እንዳሉኝ አደረግሁ። ከሰማንያ የማያንሱ ሰው ከፈቱልኝ፤ እኔ ከደረጃው በታች፣ እሳቸው ከበሩ ውስጥ። መኪናዋ የእኔ እንደነበረች ተናገርኩ። ቀጥዬ ሥራዬን ተናገርኩ፤ መናገር አልነበረብኝም፣ ግን ካልተናገርኩት ይቅርታው ሙሉ አይሆንልኝም ነበር። ለትንሽ ጊዜ አዩኝ።

“ታዲያ አንቺማ ታውቂዋለሽ” አሉ።

ከዚያ ወዲያ ስለ መኪና አላነሱም። ድንጋዮቹ ያሉበት መሬት የእሳቸው እንዳልሆነ፣ የመንገዱ አፍ ብቻ የእሳቸው እንደሆነ፣ ልጅ ሆነው ከወንድሞቻቸው ጋር እነዚያኑ ቋጥኞች ይወጡ እንደነበር ነገሩኝ። የትኛውን ብዬ ጠየቅኋቸው። በእጃቸው ቅርጹን ሲያሳዩኝ ጎተራው ነው። “ዝሆኑ ነበር የምንለው” አሉ። በየት በኩል እንደሚወጡ ስጠይቃቸው ሳቁ፤ “ከኋላው ነዋ። ከኋላው እኮ በእግር ይወጣል።”

ይህንንማ አውቅ ነበር። ከኋላው ተዳፋት ነው፤ ብሉቤሪውን እየረገጡ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ግን በፊት ለፊቱ ሳልወጣ አናቱ ላይ ላልቆም ተስዬ ነበር፤ እንደዚያች የጉልማርስፕላን ሴት አባባል ስለቱ ቀርቶብኝ አያውቅም ማለት ነው።

በሳምንቱ ከጫካው ሁለት ትላልቅ ድንጋዮች አንከባልለን፣ እሳቸው በአንድ በኩል እኔ በሌላ በኩል በሁለት ሜትር ርቀት እየገፋን፣ የመንገዱን አፍ ግራና ቀኝ አጠበብነው። ድንጋዮቹንም ነጭ ቀለም ቀቧቸው። ሴትዮዋ ደግሞ ከቤታቸው ሳይወጡ ስልክ ይዘው ለሚያውቋቸው ወጪዎች ሁሉ ደወሉ። ቦታውን በስሙ የማልጽፈው ለዚህ ነው። የሚመጣ ሰው ስሙን ሰው ነግሮት ቢመጣ እመርጣለሁ፤ የነገረው ሰው መኪናው የት እንደሚቆምም ይነግረዋል።

ጥቅምት 1 ቀን ክልከላው ተነሳ። በዚያው ሳምንት ሴትዮዋ እህታቸውን ከስድስት ወር በኋላ አዩ። አወቁዎት ወይ ብዬ ለመጠየቅ አልደፈርኩም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም። ብቻ ቅዳሜ ጠዋት ደውለው፣ “ብርዱ ጥሩ ነው” አሉ። በየመኪናችን መጥተን ጠጠሩ ላይ ተገናኘን። ያቺን አንድ ኪሎ ሜትር እንደወትሮው በአስፋልቱ ዳር ሄድን፤ እኔ ፍራሹን አዝዬ፣ እሳቸው ብሩሻቸውንና ፔርሙሳቸውን ይዘው። የበርች ዛፎቹ ቅጠላቸውን ማርገፍ ጀምረው ነበር፤ ትልቁ ሐይቅ ከወትሮው ሰፋ ብሎ ይታያል።

እሳቸው አልወጡም። ስድስት ወር ቤት የተቀመጠ ጣት ወዲያው አይጨክንም። ጎተራው ሥር ከእኔ ራቅ ብለው ቆሙ፤ እጃቸው ግን ከልማድ የተነሳ ወደ ወገቤ አቅጣጫ ተዘርግቷል። ጠዋት ሥራ ስላልነበረኝ የእጄ ቆዳ ደረቅና ደህና ነበር። የሲኒዋን ጆሮ ያዝኩ። ተዳፋቱን በመዳፌ ተጫንኩት። የበቆሎዋን ፍሬ ረገጥኩ። ስወረወር አፋፉን ይዤ ቀረሁ፤ ምን የተለየ ነገር እንዳደረግሁ አላውቅም፣ ግራናይቱ ቀዝቃዛ ነበር፣ ያዘኝ። ከዚያ ያ ውርደት አለ፤ በሆዴ፣ በክርኔ፣ በጉልበቴ እያቃሰትኩ ተሳብኩ፤ አገጬ ሳር ውስጥ ገባ። ከታች ሲስቁ ይሰማኛል።

ተነስቼ ቆምኩ።

“ምን ይታያል?” አሉኝ።

ሐይቁ ይታያል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ሐይቁን ጥዶቹ ጋርደውታል። የሚታየው በሌላው በኩል ነው፤ አስፋልቱ፣ ሁለቱ ነጭ ድንጋዮች፣ የአፈሩ መንገድ፣ ከመጨረሻው የቤቱ ቀይ ጣራ። አንዲት ትንሽ ነጭ መኪና በድንጋዮቹ መሐል ፍጥነቷን እንኳ ሳትቀንስ ገባች። ደጁ ድረስ ሄዳ ቆመች። ሰማያዊ ልብስ የለበሰች ልጅ ወርዳ ከኋላ ወንበር ከረጢት አወጣች፣ ጓንቷን እያጠለቀች ደረጃውን ወጣች።

ሰዓቴን አየሁ። ስምንት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ነበር።